የተሰበረ የጎማ ብሎን፦ 700 ብር፣ 4,800 ብር ወይስ ብየዳ?

የኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ መኪና የምትነዱም ሆናችሁ የምትጠግኑ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ። የምይዛት መኪና ቶዮታ ቪትዝ ናት። ባለፈው ሳምንት የፊት ግራ ጎማዋ ቀስ እያለ እየተነፈሰ ስላስቸገረኝ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኳት። ረዳቱ ልጅ ጎማውን ለጥፎ መልሶ ሲያስር መፍቻውን በእጁ ማጥበቁ አልበቃ ብሎት ጫፉ ላይ ወጥቶ ይረግጠው ጀመር። በሦስተኛው ርግጫ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ከነዳዶው ተቆርጦ መሬት ላይ ወደቀ። ልጁ ክው ብሎ ቀረ፤ ባለቤቱ ግን «ብሎኑ ድሮም ያለቀለት ነበር» ከማለት በቀር ኃላፊነቱን የሚወስድ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቦታ ጠይቄ የማይገናኝ ሦስት ዋጋ ተነግሮኛል። የመጀመሪያው ጋራዥ ብሎኑን እኔ ገዝቼ ካመጣሁ ለእጅ ዋጋ 700 ብር እንደሚበቃውና በአንድ ሰዓት ገደማ እንደሚጨርስ ነገረኝ። ሁለተኛው ሃቡ (ብሎኖቹ የሚሰኩበት የጎማው እምብርት) ከነኩሽኔታው መውጣት አለበት፣ ኩሽኔታው አንዴ ከወጣ ደግሞ አይመለስም ብሎ ለእጅ ብቻ 4,800 ብር ጠየቀኝ፤ መኪናዋም ሁለት ቀን ታድራለች። ሦስተኛው ብየዳ ቤት ሲሆን የተሰበረው ጉቶ ላይ አዲስ ብሎን በ400 ብር በይዶ እንደሚለቀኝ ነግሮኛል። ሙያው የለኝምና የትኛው እውነቱን እንደነገረኝ መለየት አቃተኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰብ ይዤ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ፤ በሦስቱ ብሎን መሄድ ይቻል እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የድሮ መካኒክ

ወንድሜ፣ በመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምርና በሦስት ብሎን ቤተሰብ ጭነህ የጊቤን ቁልቁለት እንዳትወርድ። አምስት ወይም ስድስት ብሎን ባለው መኪና አንዱ ቢጎድል የሚቀረው ብዙ ነው፤ አራት ብቻ ባለው ግን ሩቡ ሄዷል ማለት ነው፣ የሄደውንም ጭነት የሚሸከሙት በዋናነት ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ከሰፈርህ እስከ ጋራዡ በቀስታ መድረስ ሌላ ነገር ነው።

ብየዳውን ከሐሳብህ አውጣው። የጎማ ብሎን ተራ ብረት አይደለም፤ በእሳት ተጠብሶ እንዲጠነክር የተደረገ ስለሆነ ብየዳ ሲነካው በዙሪያው ያለው ክፍል ያ ጥንካሬው ይጠፋበታል ወይም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያም በላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያረጋግጥልህ ነገር የለም፤ በጥቂቱ እንኳ ካዘነበለ ዳዶው ቸርኬውን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚጨብጠው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጋራዦች እንምጣ። ብሎኑ ሃቡን ከኋላ ወደ ፊት ወግቶ የሚያልፍ ሲሆን፣ አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጥርሶች ቀዳዳው ውስጥ ነክሰው እንዳይሽከረከር ይይዙታል። ስለዚህ የሚወጣው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ የሚገባውም ከኋላ ነው። ጥያቄው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ከሃቡ ጀርባ ረጅሙን ብሎን አዘንብሎ ለማስገባት የሚበቃ ክፍተት አለ ወይስ የለም? ክፍተት ካለ የሚፈታው ጎማው፣ ካሊፐሩ (የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጠው ክፍል) እና ዲስኩ ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ክፍተት ከሌለ ሃቡ ተጎትቶ መውጣት አለበት፤ ሃቡ ሲጎተት ደግሞ ኩሽኔታው ብዙ ጊዜ ስለሚጎዳ አዲስ ያስፈልጋል፣ ፕሬስም (መጭመቂያ ማሽን) ይጠይቃል። ስለዚህ 4,800 የጠየቀህ ሰው የግድ ሌባ ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠይቁ መኪኖች አሉ። በአነስተኛ ቶዮታዎች ግን ሃቡን በእጅ እያዞሩ ቦታ የሚገኝበት ዘንድ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ያንተም ከዚያ ወገን እንደሚሆን እገምታለሁ።

እንግዲህ ሁለቱንም ዋጋ ሳይሆን አፈታቱን ጠይቃቸው። «ምን ምን ትፈታለህ? ለምን?» በል። ጎማውን አውርዶ፣ በባትሪ ከኋላ አብርቶ «እዚህ ጋ አይወጣም፣ ይኸው ተመልከት» ብሎ የሚያሳይህ ሰው ብዙ ገንዘብም ቢጠይቅ አምነው። መኪናዋን ክሪክ ላይ ሳያወጣ «ኩሽኔታ ይቀየር» የሚል ግን ከሩቅ ሆኖ በሽታ እንደሚያውቅ ጠንቋይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። የተሰበረው ቁራጭ በእጅህ አለ? ካለ የተቆረጠበትን ፊት አጥርገህ ቀለሙን ንገረኝ።


የቪትዝ እናት

የድሮ መካኒክ ያሉት «አፈታቱን ጠይቅ» የሚለው ምክር ለእኔ አንድ ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። የኋላ ጎማዬ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ አንድ ጋራዥ ስሄድ «ኩሽኔታም ተቀይሯል» ተብዬ ከፈልኩ። በኋላ ሌላ ሰው የፍሬኑን ታምቡር ሲከፍተው ኩሽኔታው ከነዝገቱ የጥንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች ሳይሟሉ መኪናዬን አላስገባም፦ የእቃውና የእጁ ዋጋ ለየብቻ በወረቀት ይጻፋል፣ የተቀየረው አሮጌ እቃ ለእኔ ይመለሳል፣ ሥራው ላይ እቆማለሁ ወይም ሰው አቆማለሁ። ሴት ስትቆም ደስ የማይላቸው አሉ፤ እነሱ ዘንድ አልሄድም።

ዋጋ ስታወዳድር ደግሞ ደረሰኝ ይኑረው አይኑረው መጠየቅህን አትርሳ። ደረሰኝ የሚቆርጠው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ ከነገረህ፣ ሌላው ደግሞ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም።


የኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ

ጋሼ የድሮ መካኒክ፣ ቁራጩን ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ አውጥቼ በቤንዚን አጠብኩት። የሚገርመው ፊቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል ለስላሳና ቡናማ ሲሆን ዝገቱ እንደ ጨረቃ በቅስት በቅስት ተደራርቧል፤ የቀረው ብቻ እንደ ተሰበረ ስኳር እያብረቀረቀ ሻካራ ነው። ይህ ምን ይነግረናል?


የድሮ መካኒክ

ብዙ ይነግረናል። ቡናማው ክፍል ከቆየ ስንጥቅ ዝናብና አየር እያስገባ የዛገ ነው፤ ቅስቶቹ ስንጥቁ ቀን በቀን እየተራመደ የሄደባቸው ናቸው። ልጁ የሰበረው የሚያብረቀርቀውን ብቻ ነው። ከባለቤቱ ቃል ግማሹ እውነት ነበር ማለት ነው፤ ቢሆንም በእግር መርገጡን ነጻ አያወጣውም። እስቲ አስላው፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው የማጥበቅ ጉልበት ወደ 275 ኒውተን ሜትር ነው። ፋብሪካው ለእንዲህ ያሉ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ቶዮታዎች የሚያዘው 103 ነው፤ ይህም በዚያው መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፣ በእጅ የሚሆን። ሲዘል ደግሞ ስንት እንደሚሆን አንተው ገምት።

ስንጥቁ ከየት መጣ ብትል፣ ብሎን የሚደክመው ባብዛኛው በላላ ጎማ ነው። ዳዶው በልኩ ሲጠብቅ ብሎኑ እንደ ሞላ ተወጥሮ ቸርኬውን ይይዛል፤ መንገዱ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ጭነት የሚሸከመው ያ መጨባበጥ ነው። ሲላላ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ብሎኑን ያጎብጠዋል፣ ያቀናዋል፤ ሽቦ በእጅህ ወዲያና ወዲህ አድርገህ እንደምትበጥሰው መሆኑ ነው። በእኛ አገር ክረምት ሌላ ምክንያትም አለ። ጎማ በጭቃ ላይ ሲቀየር ቀዩ አፈር በቸርኬውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ይታሰራል፤ ሲደርቅና ሲረግፍ ዳዶው ምንም ሳይዞር ጎማው ይላላል። ጅማ አጠገብ ወዳለችው ሰቃ የምትመላለስ ከሆነ አይገርመኝም።

ስለዚህ ምክሬን አሻሽላለሁ፦ አንዱን ሳይሆን አራቱንም ቀይር። ሦስቱ በዚያው ላላ ጎማ ላይ አብረው የነበሩ ናቸው። ይህ ደግሞ የእጅ ዋጋን ለመመዘን ጥሩ መፈተኛ ይሰጥሃል፤ ምክንያቱም ድካሙ ያለው በመፍታትና በመግጠም ላይ ነው፣ ካሊፐሩና ዲስኩ አንዴ ከወረዱ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ብሎን የሚወስደው አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። 700ውን በአራት አባዝቶ 2,800 የሚልህ ሰው አንድ ጊዜ ፈትቶ አራት ጊዜ ሊያስከፍልህ ነው።


ቶርኖ ቤት

ከእኔ የሥራ ዘርፍ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ብሎኑን ከመለዋወጫ ሱቅ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን ለካው። የአነስተኛ ቶዮታዎችም የሱዙኪም ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሻጩ ያምታታቸዋል፤ ይሁን እንጂ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት የቶዮታው 1.5፣ የሱዙኪው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል፤ «አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ በመፍቻ የሚገፋ ሰው ጥርሱን ይጨርሰዋል። ጥርሱ ትክክል ሆኖም የሚነክሰው አንገት ከቀዳዳው ጥቂት ከቀጠነ ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ጎማውን መፍታት ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ሰዎች ሱቅ ሲያጡ «ቅረጽልን» እያሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኔ እምቢ እላለሁ። የጎማ ብሎን ብዙውን ጊዜ 10.9 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ የሚሠራ ሲሆን፣ እኛ ቶርኖ ላይ የምናስረው ተራ ዘንግ ከግማሹም አይደርስም። መልኩ አንድ ነው፤ የሚለየው መንገድ ላይ ነው።


የኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ

የሆነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ሄጄ ጋሼ እንዳሉት «ምን ምን ትፈታለህ?» አልኩት። ዋጋ ሳይጠራ ጎማውን አውርዶ ሃቡን በእጁ እያዞረ ክፍተቱን አሳየኝ፤ የብሎኑ ራስ በዚያ በኩል በደንብ ይወጣል። ለአራቱም 1,100 ብር ተስማማን፣ ወረቀት ላይም ጻፈልኝ። ሁለተኛውን ጋራዥ በስልክ ጠይቄው «መኪናዋን አስገባትና ስንፈታ እናየዋለን» ብሎኛል፤ ኩሽኔታውን ለምን እንደጠራው ግን አልነገረኝም።

ሥራው ላይ ቆሜ ዋልኩ። ካሊፐሩን በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ ከሞላው ጋር አሰረው። ዲስኩ በዝገት ተጣብቆ አልላቀቅ ሲል እኔ መዶሻ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ዲስኩ ላይ ባሉት ሁለት ጥርሳም ቀዳዳዎች ትንንሽ ብሎኖች እያፈራረቀ ሲያጠብቅ ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ወጣ። ቸርኬው ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበት ፊት ላይ እንደ ወፍራም ካርቶን የደረቀ ቀይ አፈር ተጋግሮ አገኘን፤ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ አጸዳው። አሮጌዎቹን በመግፊያ አስወጥቶ አዲሶቹን ሲያስገባ አዲሱን ዳዶ አልነካም፤ አሮጌ ዳዶ ገልብጦ፣ ከሥሩ ግሪስ የተቀቡ ሮንዴላዎች ደራርቦ በእጅ መፍቻ ቀስ እያለ ሳባቸው፤ ራሳቸው ከሃቡ ጀርባ ጋር መጋጠሙንም በጣቴ አስዳሰሰኝ። ከወጡት ሦስቱ በአንደኛው ላይ አዲስ ዳዶ በጣት እስከ ግማሽ ብቻ ነው የገባው። ብሎኑ ተስቦ ረዝሟል አለኝ።

ቶርክ (የማጥበቅ ጉልበት) መለኪያ መፍቻ አልነበረውም፤ ይህን አልደብቅም። የጋሼን ስሌት ነግሬው የመፍቻውን ርዝመት ለካንና በአንድ እጅ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቀ አጠበቀ። እሑድ አጋሮ ደርሼ ስመለስ፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው፣ መልሼ ሞከርኳቸው። ሁለቱ ጥቂት ተቀበሉ፣ ሁለቱ አልነቃነቁም።


የድሮ መካኒክ

ጥሩ ሠርቷል። ሰኮሩ ስትደርስ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አንዴ ፈትሻቸው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው መነካካት አያስፈልግም። ቁራጩንስ ምን አደረግኸው?


የኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ

ለጎሚስታው ባለቤት ወስጄ ዝገቱን አሳየሁትና ልጁን በከንቱ መውቀሴን ነገርኩት። «አላልኩህም?» ብሎ ሳቀ። ከበስተጀርባው ልጁ የአንድ ፒክአፕ ጎማ መፍቻ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር።