«ዘ ኮንጁሪንግ»ን ለ12 ዓመት ልጄ ላሳያት ወይስ ልከልክላት?

የሊዲያ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ የአክስቷ ልጆች እኛ ጋ ያድራሉ። ሦስቱም «ዘ ኮንጁሪንግ የሚባለውን አስፈሪ ፊልም ካላየን» ብለው ሙጭጭ ብለዋል።

እኔ ያየሁት ሊዲያን እያጠባሁ ነው። አንድ ቦታ እስከዛሬ አልለቀቀኝም። እናትየው ዓይኗን በጨርቅ ታስራ ልጇን ትፈልጋለች። የተደበቀችው ታጨበጭባለች፣ ፈላጊዋ ድምፁን ትከተላለች። የኛው ኩኩሉ ማለት ነው። እናትየው ጭብጨባውን ተከትላ አንድ ክፍል ትገባለች። ቁምሳጥኑ ይከፈታል። ከተሰቀሉት ልብሶች መሃል ሁለት እጆች ወጥተው ያጨበጭባሉ። እሷ ልጄን አገኘሁ ብላ ልብሱን ትዳብሳለች። ልጅቷ ግን ሌላ ክፍል ናት።

ልጅ ሆነን ከእህቶቼ ጋር ስንጫወት «ኩኩሉ» ብዬ ጆሮዬን አቆም ነበር። «አልነጋም» የሚለው ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ። ያ ድምፅ ማንም ከሌለበት ክፍል ቢመጣስ? ፊልሙን ካየሁ በኋላ ለሳምንታት ቁምሳጥኑ መዘጋቱን ሳላይ አልተኛም ነበር። እኔ ትልቋ ሴትዮ እንዲህ ከሆንኩ እሷ እንዴት ትሆናለች? ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል። ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

ድምፅ ሠሪው፦
እህቴ፣ ሥራዬ የፊልም ድምፅ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ አር ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ ሲኒማ ገብቶ አያየውም። ከፊልሙ ሰዎች አንዱ እንደተናገረው፣ ይቺን ቆርጣችሁ አውጡ የተባለች ትዕይንት እንኳ አልነበረችም። ጠቅላላው ስለሚያስፈራ ነው።

ዳይሬክተሩ ጄምስ ዋን ነገሩን ቶሎ አያሳይም። አንዷ ልጅ ሌሊት ነቅታ ከበሩ ጀርባ ሰው ቆሟል ስትል አስታውሺ። ጨለማ ብቻ ነው የሚታየን። እሷ ግን እየተንቀጠቀጠች ነው። እኛም ያንን ጥግ ስንፈትሽ እንቆያለን። ልጅ ደግሞ ያንን ጥግ ከማንም በላይ አስፈሪ አድርጎ ይሞላዋል። እኔ 15 እስኪሞላት ባቆየው እላለሁ።

ከሲያትል፦
እውነቱን በተመለከተ ልጨምር። ፊልሙ ላይ መንፈስ የሚያስቸግረው የፔሮን ቤተሰብ በእውነት የነበረ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 1971 ከአምስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ሮድ አይላንድ ውስጥ ሃሪስቪል ወደሚገኝ የገጠር ቤት ገቡ። ፊልሙ ላይ ነገሩ በጥቂት ጊዜ ይቋጫል። እውነተኛው ቤተሰብ ግን እዚያው ቤት እስከ 1980 ኖሯል። ትልቋ ልጅ ያየነው እውነት ነው ብላ መጻሕፍት ጽፋለች።

እኔን የሚያመኝ ባትሼባ የምትባለዋ ናት። ፊልሙ ልጇን ለሰይጣን የሠዋች፣ በ1863 ራሷን የሰቀለች ጠንቋይ ያደርጋታል። ባትሼባ ሸርማን ግን እዚያው አካባቢ የኖረች የገበሬ ሚስት ናት፤ የሞተችው በ1885 ነው። ጠንቋይ ለመሆኗ ማስረጃ የለም። ሰዎች ግን መቃብሯ ድረስ ሄደው ድንጋዩን ሰባብረውታል። ራሷን መከላከል የማትችል ሴት ናት። ሊዲያ እውነት ነው ወይ ስትልሽ ይሄንንም ንገሪያት።

እማማ ዘነበች፦
የኔ ልጅ፣ እኔ አታሳያት ባይ ነኝ። የልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አንድ ወር ሙሉ እኔ አልጋ ላይ ነው ያደረው። ሽንት ቤት እንኳ ብቻውን አይሄድም ነበር። ካየችው ግን አትቆጫት። አብረሻት ጸልዪና እቅፍ አድርገሻት ተኚ።

የሊዲያ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፊልሙ ለዚህ ቅዳሜ ይቅር ብያለሁ። ማታ ስነግራት አኩርፋ ክፍሏ ገባች። ትንሽ ቆይታ መጣችና «እሺ፣ የባትሼባን ታሪክ ንገሪኝ» አለችኝ። እስከ አራት ሰዓት ስናወራ አመሸን። መቃብሩን የሰበሩት ሰዎች ይቅርታ ጠይቀዋል ወይ ብላ ጠይቃኛለች። ከሲያትል፣ የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ፤ እየጠበቀች ነው።