ሻምፒዮን በሆነ በዓመቱ የተዘጋው ቡድን፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የአውሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የናስካርን ቻርተር ጉዳይ አንስተን ሳንቋጨው ቀረን። ዛሬ በደንብ እንከራከርበት።

ለአዲስ ገቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ናስካር የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር ነው። መኪኖቹ ከውጭ ሲታዩ የመንገድ መኪና ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው። ከ2016 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በትልቁ ሊግ 36 ቻርተሮች አሉ። ቻርተር ያለው መኪና በየሳምንቱ የመነሻ ቦታው አስተማማኝ ነው፤ ከገቢውም የተሻለ ድርሻ ያገኛል። የሌለው ለቀሩት 4 ቦታዎች ይፋለማል። ቻርተሩ ግን ዕድሜው ተቆጥሮ የተሰጠ ነበር። በኦክቶበር 2024 ሁለት ቡድኖች ናስካርን ከሰሱ፦ የማይክል ጆርዳን 23ኤክስአይ እና ፍሮንት ሮው። ችሎቱ ዲሴምበር 2025 ሻርለት ውስጥ ተጀመረ። በዘጠነኛው ቀን ተስማሙና ቻርተሩ ቋሚ ሆነ።

ጥያቄዬ ይኸውና። ይህ ውሳኔ በ2016 ተወስኖ ቢሆን የኛ ከተማ የዴንቨር ቡድን ፈርኒቸር ሮው ይዘጋ ነበር? እኔ አይዘጋም ባይ ነኝ። የሞተው በሊጉ አሠራር ነው።

ጀማሪው፦
ፈርኒቸር ሮው የቤት ዕቃ መሸጫው አይደለም እንዴ? አልጋ የገዛሁበት ሱቅ?

የአውሮራው፦
አዎ፣ እሱው ነው። ባለቤቱ ባርኒ ቪሰር በ2005 የመኪና ቡድን መሠረተ፤ ስሙንም ከሱቁ ወሰደ። የናስካር ሰፈር ሰሜን ካሮላይና ነው። ቡድኑ ሁሉ ማለት ይቻላል ሻርለት ዙሪያ ተሰብስቧል። መካኒኩም፣ መሐንዲሱም፣ ዕቃ አቅራቢውም እዚያ ነው። ቪሰር ግን ከዴንቨር አልነቃነቅም አለ። ከ1500 ማይል በላይ ርቆ፣ ብቻውን።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መከራ ነበሩ። ማጣሪያ እየወደቁ መኪናቸውን ጭነው ይመለሱ ነበር። በ2009 ዓመቱን ሙሉ መወዳደር እንኳ አቅቷቸው ነበር። ከዚያ ሜይ 2011 የዳርሊንግተን ውድድር መጣ። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ብዙዎቹ ጎማ ሊቀይሩ ገቡ። የኛው ሬጋን ስሚዝ በአሮጌ ጎማ መንገዱ ላይ ቀረ። ካርል ኤድዋርድስ አዲስ ጎማ ይዞ ከኋላው መጣበት። አላሳለፈውም። ቡድኑ በትልቁ ሊግ ያሸነፈበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

በ2013 ከርት ቡሽን ይዘው ለዋንጫው ማጣሪያ አለፉ። አንድ መኪና ብቻ ያለው ቡድን እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በ2014 ማርቲን ትሩኤክስ ጁንየር መጣ። ያ ዓመት ለሱ ክፉ ነበር። ዓመቱን በ24ኛነት ጨረሰ፤ በዚያው ወቅት የሕይወት አጋሩ ሼሪ ፖሌክስ የካንሰር ሕመምተኛ መሆኗ ታወቀ። ቪሰር አላባረረውም። ይህን ሁሌም አነሳዋለሁ። ቢያባርረው ማንም አይፈርድበትም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ኮል ፐርን የሚባል ካናዳዊ የትሩኤክስ ክሩ ቺፍ (የመኪናው ቴክኒክ ቡድን አለቃ) ሆነ። ለመጨረሻው ዋንጫ ከሚፋለሙት አራት ውስጥ ገቡ። በ2016 ከሸቭሮሌት ወደ ቶዮታ ዞሩ። በዚያ ዓመት ትሩኤክስ የሻርለቱን 600 ማይል ውድድር ከ400 ዙር 392ቱን እየመራ አሸነፈ። ባለ አንድ መኪናው ቡድን፣ በሻርለቶቹ ደጃፍ! በ2017 ስምንት ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ቪሰር ግን ዋንጫው በተወሰነበት የማያሚው የመጨረሻ ውድድር አልተገኘም። በዚያው ወር ልቡን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር።

እኔ የዚያን ቀን ዴንቨር መሀል ፓርኪንግ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ውድድር ማየት ያስተማረኝ አብሮኝ የሚሠራ የአላባማ ሰው ነው። በትንሿ ስልኩ አየነው። ሲያሸንፍ ተቃቅፈን ጮህን። አሥር ወር እንኳ አልሞላም፤ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2018 ቡድኑ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ ተነገረ።

የሻርለቱ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን አሳምረህ ነገርከን። ድምዳሜህ ግን ስህተት ነው። ቪሰር ራሱ ሲዘጋ ምክንያቱን ተናግሯል። ትልቁ ስፖንሰር ፋይቭ አወር ኢነርጂ እንደማይቀጥል አስታወቀ። ከጆ ጊብስ ቡድን ጋር የነበራቸው የቴክኒክ ትብብር ዋጋው ጨመረ። ለመቀጠል መበደር ሊኖርበት ነው፤ እሱ ደግሞ አልበደርም አለ። ቻርተር የሚል ቃል የለበትም።

ጀማሪው፦
ትብብሩ ምንድን ነው? መኪናውን ራሳቸው አይሠሩም ነበር?

የሻርለቱ፦
እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። እኔ ሻርለት ዙሪያ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የውድድር ሥራንም በትንሹም ቢሆን ነክቼዋለሁ። ከ2016 ጀምሮ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ከጆ ጊብስ ነበር የሚመጣላቸው፤ ሞተሩ ደግሞ ካሊፎርኒያ ካለው የቶዮታ የውድድር ክፍል። ዴንቨር ውስጥ ያሰናዱታል፣ ያጠሩታል፣ ያስተካክሉታል። እጃቸው የተባረከ ነበር፤ ያንን አልክድም። ግን አጥንቱ የሌላ ሰው ነው።

እና አስቡት። በ2017 ያ ተከራይ አከራዩን አሸነፈ። ትሩኤክስ አንደኛ፣ የጆ ጊብሱ ካይል ቡሽ ሁለተኛ። አንተ ጆ ጊብስን ብትሆን በቀጣዩ ዓመት በዚያው ዋጋ ታከራያለህ? ጥፋት አይደለም፤ ንግድ ነው። የፈርኒቸር ሮው ሞት ከተቀናቃኙ ጓዳ መብላቱ ነው። ቋሚ ቻርተር ሻንሲ አይሆንም።

የአውሮራው፦
ቆይ፣ ከተቀናቃኝ እንዲከራይ ያደረገው ማነው? ከውድድሩ የሚገኘው ገንዘብ በአግባቡ ቢከፋፈል የራሱን ይሠራ ነበር። ከቴሌቪዥን ገቢው 65 በመቶው ለሜዳዎቹ፣ 25 በመቶው ለቡድኖቹ፣ 10 በመቶው ለናስካር ነበር የሚሄደው። ከሜዳዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ የማን ናቸው? ናስካርን በ1948 ካቋቋመው የፍራንስ ቤተሰብ እጅ አይወጡም። ሕግ አውጪው እሱ፣ ባለሜዳው እሱ። ነድቶ፣ ጎማ ቀይሮ፣ ሌሊቱን ሲበይድ የሚያድረው ሩቡን ይወስዳል። ቡድኖቹ በስፖንሰር ብቻ እንዲኖሩ የተፈረደባቸው ለዚህ ነው። አንድ ስፖንሰር ሲሄድ ሻምፒዮን ይዘጋል። ይህ ጤነኛ ስፖርት ነው?

ሒሳብ ሠሪዋ፦
በቁጥር ልግባበት። በ2018 መጨረሻ የፈርኒቸር ሮው ቻርተር ለስፓየር ሞተርስፖርትስ ተሸጠ። በወቅቱ የተዘገበው ዋጋ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2023 ያው ስፓየር ሌላ ቻርተር ከሌላ ቡድን ሲገዛ የተዘገበው ዋጋ 40 ሚሊዮን ገደማ ነው። አምስት ዓመት ነው ልዩነቱ። ቻርተሩ ያኔ ገና ቋሚ እንኳ አልነበረም። ቪሰር ያንን ወረቀት ይዞ ቢቆይ ስንት ይሆን ነበር?

ስለዚህ የሻርለቱ ወንድማችን "ቻርተር ሻንሲ አይሆንም" ያለው ልክ ነው፤ ግን መያዣ ይሆናል። ዕድሜው የተቆጠረ ወረቀት ይዘህ ባንክ ብትሄድ ማን ይሰማሃል? ቋሚ ንብረት ከሆነ ግን ድርሻ ትሸጥበታለህ፣ ሸሪክ ታስገባበታለህ። ሰውየው "አልበደርም" ያለው ምናልባት የሚበደርበት ነገር ስላልነበረው ነው።

የሻርለቱ፦
እህቴ፣ ሰውየው እኮ ድሃ አልነበረም። የሱቅ ሰንሰለት ያለው ሰው ነው። ዓመታት ሙሉ ከኪሱ ከፍሏል። ልቡን ታመመ፣ ዕድሜው ገፋ፣ በቃኝ አለ። ሰው በቃኝ ማለት አይችልም?

ሒሳብ ሠሪዋ፦
ይችላል። ግን ባለቤቱ በቃኝ ሲል ቡድኑ አብሮት መሞት የለበትም። የሚሸጥ ነገር ካለ ሌላው ይረከባል፣ ሠራተኛው ይቀጥላል፣ ዎርክሾፑ አይዘጋም። የፈርኒቸር ሮው ግን ወረቀቱ ተነጥሎ ተሸጠ። ሰዎቹና ቤቱ ዴንቨር ቀሩ።

ጋሽ ስታዲየም፦
ልጆች፣ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፤ መኪናውን ብዙም አላውቅም። እስካሁን የተባለውን ሳነብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እግር ኳስ ውስጥ ታች ያለው ክለብ ከሠራ ያድጋል፤ ያልሠራው ይወርዳል። እናንተ የምትሉት ቋሚ ቻርተር ግን 36 ወንበር ነው፤ የያዘው አይነሳም። ታዲያ አዲስ ሰው በየት በኩል ይገባል?

የሻርለቱ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እኔም ልላት የፈለግኩት ይህቺኑ ነበር።

የአውሮራው፣ ራስህ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። ቪሰር በ2005 ሲጀምር ማንን ቻርተር ጠየቀ? ማንንም። መኪና ሠርቶ ሄደ፣ ማጣሪያ ወደቀ፣ እንደገና ሄደ። ያኔ 43 መኪና ይሰለፍ ነበር። በሩ ጠባብ ነው፤ ግን በር ነበር። ስድስት ዓመት ወድቆ በሰባተኛው ዳርሊንግተንን ያሸነፈው በዚያ በር ገብቶ ነው። ዛሬ አንድ የዴንቨር ነጋዴ ያንን ልሞክር ቢል መጀመሪያ ስንት ይጠየቃል? እህታችን ነገረችን፤ 40 ሚሊዮን። ያውም ቋሚ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዋጋ፣ ሻንሲና ሞተር ሳይገዛ።

ቋሚ ቻርተር በ2005 ቢኖር ኖሮ ፈርኒቸር ሮው የሚባል ቡድን ጭራሽ አይወለድም ነበር።

ጀማሪው፦
ይሄ ከባድ ነው።

የአውሮራው፦
ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው የዘገየሁት። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ።

የሻርለቱ፣ ይህን ነጥብህን እቀበላለሁ። በሩን አላሰብኩትም ነበር። የኔ ቁጭት ስለ መዘጋቱ ስለሆነ ስለ መወለዱ ረሳሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። በር ከፍተህ አስገብተህ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲራብ ካደረግከው ምን ጠቀምከው? ሰውየው በዚያ በር ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በላይ ምን ይሥራ? በ2018 እንኳ፣ እንደሚዘጉ እያወቁ፣ ሠራተኛው ሥራ እየፈለገ፣ ማያሚ ላይ ሁለተኛ ወጡ። 12 ዙር ሲቀረው ነው ጆይ ሎጋኖ ያለፈው። 12 ዙር! ሁለተኛ ዋንጫ ይዘው ይዘጉ ነበር።

ሌላም አለ። በተከራዩት ሻንሲ ነው የሞቱት ብለሃል። በ2022 እኮ ናስካር አዲስ መኪና አመጣ። አሁን ሁሉም ቡድን ሻንሲውን ከአንድ አቅራቢ ነው የሚገዛው። ጆ ጊብስም፣ ትንሹም ቡድን። አራት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ያ የጓዳ ጥገኝነት በግማሽ ይቀንስለት ነበር።

የሻርለቱ፦
በግማሽ ያልከው ይበዛል። ዕቃው አንድ ሆነ እንጂ ዕውቀቱ አንድ አልሆነም። ያንኑ ብረት ስጠን፤ አሥር ቡድን አሥር ዓይነት ያስተካክለዋል። ዛሬ ልዩነቱ ያለው በኮምፒዩተር ሙከራው፣ በመሐንዲሱ ጭንቅላት ነው። እሱም የሚከፈለው ሻርለት ውስጥ ነው። ኮል ፐርንና ትሩኤክስ ዴንቨር ሲዘጋ ወዴት ሄዱ? ቀጥ ብለው ወደ ጆ ጊብስ። እነሱን የሚያስቀር ቻርተር የለም።

ግን የገቢ ክፍፍሉ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። 25 በመቶ ነውር ነበር። አብረውኝ የሠሩ ልጆች ቡድን በተዘጋ ቁጥር ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። በክሱም ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ሒሳብ ሠሪዋ፦
እንግዲያው የምንለያየው በትንሽ ነገር ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ 36ቱ ቋሚ ይሁኑ፤ ግን ያለ ቻርተር የሚገቡት 4 ቦታዎች ዛሬ ካላቸው የተሻለ ገንዘብ ይኑራቸው። ማጣሪያ አልፎ ጥሩ ውጤት ያመጣ ከባለቻርተሩ እኩል ይከፈለው። ያኔ አዲስ ሰው 40 ሚሊዮን ሳያወጣ ሁለት ሦስት ዓመት ሞክሮ ማየት ይችላል።

የሻርለቱ፦
ባለቻርተሮቹ ይፈቅዳሉ? እነሱ እኮ አሁን ባለንብረት ናቸው። በሩ በጠበበ ቁጥር ወረቀታቸው ይወደዳል። ትናንት ናስካርን "አንቀህ ያዝከን" ብለው የከሰሱት ራሳቸው ነገ በር ዘጊ ይሆናሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ጋሽ ስታዲየም፦
ያቺ የተሸጠችው ወረቀትስ ምን ሆነች?

የአውሮራው፦
ጋሼ፣ ሰሜን ካሮላይና ሄደች። በቁጥር 77 መኪና ላይ ዋለች። በጁላይ 2019 ዴይቶና ላይ ያቺ መኪና በጀስቲን ሄሊ አሸነፈች። ዝናብ መጥቶ ውድድሩ ሲቋረጥ መሪው እሱ ነበር። በዚያው ወር ከአላባማው ጓደኛዬ ጋር በድሮው ዎርክሾፕ በኩል በመኪና አለፍን። "ወረቀቷ አሸነፈች" አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም መልስ አልነበረኝም።