አስቸኳይ፦ ባንኮክ ላይ ታክሲው ሳቶን ጥሎን ሄደ፤ ጀልባችን የምትነሣው ግን ከማዶ ነው

ዘአዳማ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ለሚደረገው የጀልባ ሽርሽር ቲኬት ቆርጠናል፤ መነሻው አይኮንሲያም የገበያ ማእከል ፊት ለፊት፣ መሳፈሪያው 11 ሰዓት ከሩብ ነው። የታክሲ ሾፌሩ ግን ድልድዩ ተዘግቷል ብሎ ሳቶን የጀልባ ማረፊያ አውርዶን ሄደ። አንድ ደላላ ደግሞ «የእናንተ ጀልባ ዛሬ አይሠራም፤ በሁለት ሺሕ ባት የግል ጀልባ ልስጣችሁ» እያለ አጠገባችን ቆሟል። እናቴ ለጉልበት ሕክምና መጥተው ዛሬ ገና መውጣታቸው ነው፤ የሚሄዱትም በምርኩዝ ነው። ነገ ማታ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ምን ላድርግ?

የመርካቶ ልጅ፦
ከዚያው ከሳቶን ወደ አይኮንሲያም የሚያሻግር ነፃ ጀልባ አለ። በእሱ ተሻገሩ።

ታሪክ ወዳድ፦
በቅድሚያ የቆሙበትን ስፍራ ይወቁ። ሳቶን በታክሲን ድልድይ ሥር በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ሲሆን፣ አይኮንሲያም በምዕራቡ፣ በቶንቡሪ በኩል ነው። ቶንቡሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1767 እስከ 1782 የንጉሥ ታክሲን መናገሻ ነበረች፤ በ1782 ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ መንበራቸውን ወደ ምሥራቁ ዳር አሻገሩና ታላቁን ቤተ መንግሥት በዚያ አሠሩ። ስለዚህ ጀልባዋ ሽቅብ ስትጓዝ ቤተ መንግሥቱ በቀኝ፣ ዋት አሩን ቤተ መቅደስ በግራ ይታያል። ፀሐይዋ የምትጠልቀው በዋት አሩን በኩል ስለሆነ ለእናትዎ በግራ በኩል መቀመጫ ይጠይቁላቸው፤ ጨለማው ሲይዝ ግንቦቹ በመብራት ስለሚደምቁ በመልሱ ጉዞም የሚያዩት አያጡም።

ሰው ለሰው፦
ነፃው ጀልባ ይሻላል። እኔም የተሻገርሁት በእሱ ነው።

ቆጣቢው፦
እኔ ግን ለሽርሽር ጀልባ ያን ያህል መክፈል ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝብ ጀልባ በጥቂት ባት ያንኑ ወንዝ፣ ያንኑ ዋት አሩን ያሳያል። ደግሞም አንዳንዱ የእራት ጀልባ የሚነሣው ከመሸ በኋላ ነው። በባንኮክ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ባለው ጊዜ ገደማ ትጠልቃለች፤ ቲኬትሽን ደግመሽ እዪው።

የባንኮክ ነዋሪ፦
የእኅታችን መሳፈሪያ 11 ሰዓት ከሩብ ስለሆነ ፀሐይዋ አታመልጣቸውም። የሕዝቡ ጀልባ ለጤነኛ ሰው መልካም ነው፤ በምርኩዝ ለሚሄዱ እናት ግን አይሆንም። በዚህ ሰዓት ከሥራ የሚመለሰው ሰው ይሞላዋል፤ ጀልባው ከተንሳፋፊው መድረክ ጋር ተጠግቶ የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ረዳት ፊሽካውን ሲነፋ የተሳፈረው ተሳፍሮ ይነሣል፣ መድረኩም በሌሎች ጀልባዎች ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል።

ነፃው ጀልባም ቢሆን አመሻሹ ላይ ረጅም ሰልፍ አለው። እናትሽን አታቁሚያቸው፤ ከማረፊያው አጠገብ ካለው ሳፋን ታክሲን ጣቢያ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄደውን የሰማዩን ባቡር ያዙ፤ አሳንሰር አለው። ወንዙን ተሻግራችሁ የመጀመሪያው ጣቢያ ክሩንግ ቶንቡሪ ላይ ውረዱና ወደ ወርቃማው መስመር ቀይሩ፤ ቀጣዩ ጣቢያ ቻሮን ናኮን አይኮንሲያም ደጃፍ ላይ ነው። ደላላውን ግን አትመኚው። በቲኬቱ ላይ ባለው ስልክ ራስሽ ደውለሽ አረጋግጪ፤ አልለቅም ካለሽ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው።

ዘአዳማ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ነበር፤ ጀልባዋ ትሠራለች። አሁን አሳንሰሩ ጋ ደርሰናል። አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር፦ ዛሬ ዓርብ ነው፣ እናቴ ጾመኛ ናቸው፤ ቲኬቱ ደግሞ እራት ይጨምራል። ስልኬ ሊዘጋብኝ ነው።

ወለተ ሚካኤል፦
አስተናጋጁን በታይኛ «ጄ» በዪው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ምግብ ማለት ነው። «ማንግሳዊራት» (ሥጋ የሌለበት) ካልሽ ግን እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። አትክልት መስሎ የሚቀርበውም ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ስላለበት ሳትጠይቂ እንዳታቀርቢላቸው። ሩዝና ፍራፍሬ አይጠፋም፤ ሽሮ ይኖራል ብለሽ ግን እናታችንን እንዳታስጎመጂያቸው!

የመርካቶ ልጅ፦
ነፃው ጀልባ ይቀል ነበር እኮ።

የባንኮክ ነዋሪ፦
ዘአዳማ፣ ስልክሽ ከሠራ ይህን እዪው፦ አይኮንሲያም ፊት ለፊት ከአንድ በላይ መሳፈሪያ ስላለ በቲኬቱ ላይ ያለውን የማረፊያ ቁጥር ለጥበቃዎቹ አሳዪ። ለእናትሽም መሳፈሪያው ላይ አንድ ሠራተኛ ክንዳቸውን እንዲይዝላቸው ቀድመሽ ንገሪ።

ታሪክ ወዳድ፦
ደረሱ ወይ? እናትዎ እንዴት ናቸው?