ሞፈሩ በ20 ዲግሪ ሲሳብ፦ አግድሙና ሽቅቡ ስንት ስንት ነው?

11ኛ ክፍል፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በሬዎቹ በሞፈሩ አቅጣጫ በ1000 ኒውተን ይስባሉ፤ ሞፈሩ ከመሬት ጋር 20 ዲግሪ ይሠራል። አግድሙንና ሽቅቡን ክፍል ፈልጉ። 1000 × ኮሳይን 20 ስል 408፣ 1000 × ሳይን 20 ስል 913 መጣልኝ። የመልስ ወረቀቱ ግን 940 እና 342 ይላል። በፓይታጎረስ ሳመሳክረው የኔም 1000 ይሰጣል። ሌላ ጥያቄ ላይ ደግሞ አግድሙ በሳይን ተሠርቷል። እንዴት ነው ነገሩ? ሴት ነኝ፣ እህታችሁን እርዱ።

ምንጃር
እህቴ፣ ቀመርሽ ልክ ነው፤ ካልኩሌተርሽ ነው ራዲያን (ከዲግሪ የተለየ የአንግል መለኪያ) ላይ ያለው። ሳይን 30 ብለሽ ሞክሪው። 0.5 ካመጣ ዲግሪ ላይ ነው፤ −0.988 ካመጣ ራዲያን ነውና በሞድ ገብተሽ ቀይሪው። ፈተና ላይ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ይህን አድርጊ።

ፓይታጎረስ ያላጋለጠው ለምን መሰለሽ? የየትኛውም አንግል ሳይን ካሬና ኮሳይን ካሬ ሲደመሩ 1 ናቸው። ስለዚህ አንግሉ ቢሳሳትም፣ ሳይንና ኮሳይን ቢቀያየሩም ፓይታጎረስ ያው 1000 ይሰጣል። የሚያጋልጠው ሥዕሉ ነው፦ 20 ዲግሪ ወደ መሬት የተኛ መስመር ነው፤ አግድሙ ከሽቅቡ እጅግ መብለጥ አለበት። እኩል የሚሆኑት 45 ላይ ብቻ ነው። 408 እና 913 ሲመጣልሽ እዚያው መጠርጠር ነበረብሽ።

መንዝ ማማ
ሁለተኛውን ልመልስ። «ኮሳይን ለአግድም፣ ሳይን ለሽቅብ» ብሎ መሸምደድ ብዙ ተማሪ ይጥላል። አንግሉ ከየትኛው መስመር ተነሥቶ እንደተለካ እዪ። አንግሉ የሚነካው ክፍል በኮሳይን፣ የማይነካው በሳይን ይሠራል። ይኸው ሞፈር «ከቋሚው መስመር ጋር 70 ዲግሪ» ተብሎ ቢሰጥሽ ሽቅቡ 1000 × ኮሳይን 70 = 342፣ አግድሙ 1000 × ሳይን 70 = 940 ይሆናል። መልሱ ያው ነው፤ የተለወጠው የአንግሉ መነሻ ነው።

ትርጉሙንም አትለፊው። አፈሩን የሚሰነጥቀው 940ው ነው። 342ው ማረሻውን ወደ ላይ ያነሣል፤ ገበሬው እርፉን ተጭኖ የሚይዘውም ለዚህ ነው። አንግሉ 30 ቢሆን 866 እና 500 ይሆናል፤ ወደ ፊት የሚስበው ቀንሶ የሚያነሣው ይበዛል።

ወደ ግራ ወይም ወደ ታች የሚሄድ ክፍል ሲመጣ ኔጌቲቭ ምልክቱን አትርሺ። ደግሞም ቬክተሩን (መጠንም አቅጣጫም ያለውን ኃይል) ከከፈልሽው በኋላ ዋናውን 1000 ከክፍሎቹ ጋር እንደገና እንዳትደምሪ፤ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

11ኛ ክፍል፣ ደብረ ብርሃን
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሞዱ ራዲያን ላይ ነበር። ቁልቁለት ላይስ?

ጣርማበር
ቁልቁለት ላይ መስመሮቹን ከመንገዱ ጋር አዘንብያቸው፦ አንዱ በመንገዱ ላይ፣ ሌላው ለመንገዱ ቀጥ ያለ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ 10 ቶን የጭነት መኪና ውሰጂ፤ ቁልቁለቱ 6 ዲግሪ ነው እንበል። ክብደቱ 10,000 × 9.8 = 98,000 ኒውተን ነው። መንገዱን የሚጫነው 98,000 × ኮሳይን 6፣ ወደ 97,500 ገደማ፤ ቁልቁል የሚጎትተው 98,000 × ሳይን 6፣ ወደ 10,200 ገደማ። 6 ዲግሪው የሚገኘው በክብደቱና ለመንገዱ ቀጥ ባለው መስመር መካከል ስለሆነ ኮሳይኑ የዚያኛው ነው።

ከተጠራጠርሽ አንግሉን 0 አድርጊው። ሳይን 0 ዜሮ ነው፤ ሜዳ ላይ የቆመን መኪና ክብደቱ ወደ ፊት አይጎትተውም። ኮሳይን ብታስገቢ ግን በ98,000 ኒውተን ይጎትተዋል ማለት ይሆናል።