የቤት ሠራተኛን በፍቅርና በአክብሮት ስለ መያዝ ምክራችሁን እሻለሁ

የሦስት ልጆች እናት (ከአዲስ አበባ)፦

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ለምሳ ስንቀርብ የ9 ዓመት ልጄ ውሃ ዘገየብኝ ብሎ በቤታችን የምትሠራውን ልጅ «አንቺ ደንቆሮ፣ አትሰሚም?» ብሎ ጮኸባት። ልቆጣው አፌን ስከፍት ንግግሩ የእኔው መሆኑ ገባኝ፤ ቃሉም፣ ቅላጼውም፣ ፊቱን ያጠቆረበት ሁኔታም ከሥራ ደክሞኝ ስገባ እኔ የማደርገው ነው። ልጅቷ ምንም ሳትመልስ ውሃውን አስቀምጣ ወደ ማጀት ገባች። እኔም ምሳውን መዋጥ አቃተኝ።

ይህች ልጅ ከገጠር መጥታ እኛ ቤት ከገባች 2 ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዕድሜዋም 20 ነው። ደመወዟን በጊዜው እከፍላታለሁ፣ ለበዓል ልብስ እገዛላታለሁ፣ እጄንም አንሥቼባት አላውቅም፤ በዚህም ራሴን እንደ ደግ አሠሪ እቆጥር ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ መጀመሪያ ስትመጣ ስሟ ከልጄ ስም ጋር አንድ ስለ ሆነ «በዚህ ቤት ሌላ ስም ይኑርሽ» ብዬ ራሴ ባወጣሁላት ስም እስከ ዛሬ እጠራታለሁ፤ የክርስትና ስሟንም ጠይቄያት አላውቅም። እኛ ስናስቀድስ ቤት ጠብቃ ወጥ የምትሠራውም እርሷ ናት።

ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ሠራተኛን ይቅርታ ከጠየቅሽ ከዚያ በኋላ ማዘዝ ይቸግርሻል» ይለኛል። ክርስቲያን የሆነ አሠሪ የቤቱን ሥርዓት ሳያፈርስ ሠራተኛውን በፍቅርና በአክብሮት የሚይዘው እንዴት ነው?

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፦

እኅቴ፣ መጀመሪያ ስለ ባለቤትዎ ሥጋት ልናገር። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ በኋላ «መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፤ እንዲሁ ነኝና መልካም ትላላችሁ» አላቸው እንጂ ጌትነቱ አልቀነሰም (ዮሐ. 13፥13)። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ወገባቸውን ታጥቀው የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ እናያለን፤ በዚያ ምክንያት ካህኑን የናቀ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ይቅርታውን አያዘግዩ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው ትእዛዝ (ማቴ. 5፥23-24) ወንድምህ ደመወዝ የምትከፍለው ሰው ከሆነ አይመለከትህም አይልም።

ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን የእሑዱ ነገር ነው። በኦሪት ዘዳግም 5፥14 ሰንበት ሲታዘዝ፣ ወንዱም ሴቷም አገልጋይ እንደ አንተ ይረፉ ተብሎ ምክንያቱ ጭምር ተጽፏል፤ እስራኤልም ራሳቸው በግብፅ አገልጋዮች እንደ ነበሩ እንዲያስቡ ተነግሯቸዋል። እኛ ግን ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል በቀኝና በግራ ላለው ለማናውቀው ሰው እጅ እየነሣን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድረውን እኅታችንን ከዚያው ቅዳሴ እናስቀራታለን። በየጾሙ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሰው ግን እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን የሚያስጨንቁትን ነው። ይህን የምጽፈው እኔም በቤቴ የማፍርበት ነገር ስላለኝ ነው።

ከቤይሩት የተመለስሁ፦

ልጄ፣ እኔ በቤይሩት ሰው ቤት 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴን አሠሪዬ ዘንድ አስቀምጬ፣ እኔም እንዳንቺ ሠራተኛ ሌላ ስም ወጥቶልኝ ነው የኖርሁት። የሥራው ብዛት ከሰውነቴ ወጥቷል፤ በማላውቀው ስም ስጠራ «አቤት» ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። የቤቱ አሮጊት እናት ብቻ ስሜን አስደግመው ጠይቀውኝ፣ አንደበታቸው ባይታዘዝላቸውም በየቀኑ እየሞከሩ ይጠሩኝ ነበር። ለእርሳቸው ሻይ ሳፈላ ድካሙ አይታወቀኝም ነበር።

የሚያሳዝነው፣ አገሬ ገብቼ እኔም ሠራተኛ ስቀጥር ስኳሩን ቆልፌ ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ መውጣት ጀመርሁ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ካደረግሁ በኋላ አንድ ቀን ልጅቷ ቡናዋን ያለ ስኳር ስትጠጣ አየሁና ቁልፉን ጣልሁት። ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለሽ ታስተካክያለሽ፤ ስሟን ግን ዛሬውኑ መልሽላት።

የሕግ ባለሙያ፦

ከላይ የተሰጡትን ምክሮች እየተቀበልሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ አሠሪዎች «እንደ ልጄ ናት» ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የዕረፍት ቀን ለመከልከልና የደመወዝ ጭማሪን ለማዘግየት ሲውል አይቻለሁ፤ ልጅ ለእናቷ በሰዓት አትሠራምና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ የተወው ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቤቱ የሚያድር ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለማደሪያውና ለምግቡ ጤናማነት እንዲጠነቀቅ ያዛል። እነዚህ ብቻቸውን ብዙ ስለማያስጠብቋት የሥራ ሰዓቷን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ደመወዟንና የማታ ትምህርት መማር ብትፈልግ የምትወጣበትን ጊዜ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። የሐዋርያው ያዕቆብ ተግሣጽም (5፥4) ስለ ተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ነው።

በማዕድ አብሮ መቀመጡን ግን በግድ አያድርጉት። ባለቤትዎ ፊት መብላት የሚያሳፍራት ከሆነ አክብሮቱ ጭንቀት ይሆንባታል፤ እርሷን ይጠይቋት።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ ሠራተኛችንን በገዛ ስሟ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ መሬት መሬት ካየች በኋላ «እትዬ፣ ይህን ስም እናቴ ነች ያወጣችልኝ» አለችኝ። ማዕዱን ስጠይቃት ለጊዜው ማጀት ብበላ ይሻለኛል ብላለች፤ ነገር ግን እኛ እስክንጨርስ ሳትጠብቅ በሰዓቷ ትበላለች። ቅዳሴውን በተመለከተ ወጡን ቅዳሜ ማታ አብረን ሠርተን፣ እሑድ ጠዋት ከእኔ ጋር እንድትሄድ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ቤቱን ማን ይጠብቃል በሚለው ገና አልተስማማም፤ የፊታችን ዓርብ የንስሐ አባታችን ሲመጡ በእርሳቸው ፊት እንነጋገርበታለን።