የሜክሲኮ ሲቲ መሬት፦ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ከተማዋ ለምን ትሰምጣለች?

ጥያቄ

ሜክሲኮ ሲቲ ቀድሞ ቴክስኮኮ ይባል በነበረ ሐይቅ ላይ እንደ ተቆረቆረች አንብቤያለሁ። ሐይቁ ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ከተማዋ ግን ዛሬም በየዓመቱ ትሰምጣለች ይባላል። ውሃው ከሄደ መሬቱ ሊረጋ ሲገባው የሚሰምጥበት ምክንያት ስላልገባኝ፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ነገሩን ከመነሻው ማየት ይሻላል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በትውፊቱ መሠረት የሜክሲካ ሕዝብ የዛሬዋ ሜክሲኮ ሲቲ የቆመችበትን ከተማ ቴኖችቲትላንን በሐይቁ መካከል በነበረ ደሴት ላይ የቆረቆረው በ1325 ነው። ጭቃና ዕፅዋት እየደራረበ ቺናምፓ የሚባሉ እርሻዎችን አበጀ፤ በ15ኛው መቶ ዘመንም ጨዋማውን ውሃ ከጣፋጩ የሚለይ፣ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ ተሠራ። በ1521 ከተማዋን የያዙት ስፔናውያን ግን ጎርፍ ሲያስቸግራቸው ውሃውን ጨርሶ ማስወጣት ፈለጉ። ተፋሰሱ በተራሮች የተከበበና መውጫ የሌለው ስለሆነ በ1607 መውረጃ መቆፈር ተጀመረ፤ ሆኖም በ1629 የገባው ጎርፍ ከከተማዋ ሳይወጣ አምስት ዓመት ያህል ቆየ። ታላቁ የፍሳሽ ቦይ የተመረቀው በ1900 ነው። ከውሃው ጋር መኖርን የሚያውቁት ነባሮቹ ሰዎች ዕውቀት ቸል መባሉ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

መልስ 2

ታሪኩ ትክክል ነው፤ የጠያቂው መልስ ግን ከመሬቱ ሥር ይገኛል። የደረቀው ላይ ላዩን የሚታየው ሐይቅ ነው እንጂ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ አልደረቀም። ሐይቁ ትቶት የሄደው ሸክላማ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ የያዘው ውሃ ከራሱ ከደረቁ አፈር በክብደት በርካታ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ውሃ ከላይ ያለውን ጭነት ከአፈሩ ቅንጣቶች ጋር ተካፍሎ ይሸከማል። ከተማዋ ከሸክላው ሥር ካለው የአሸዋና የጠጠር ንብርብር ውሃ በፓምፕ ስትስብ፣ የሸክላው ውሃ ቀስ እያለ ወደዚያ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ በቅንጣቶቹ ላይ ያርፍና እየተጠጋጉ ሲሄዱ መሬቱ አብሮ ይወርዳል። ይህንን ግንኙነት በ1940ዎቹ በስሌት ያሳየው ሜክሲኳዊው መሐንዲስ ናቦር ካሪዮ ነው። አንዴ የተጨመቀ ሸክላ ውሃ ቢመለስለት እንኳ የቀድሞ ውፍረቱን መልሶ አያገኝም። የመሐል ከተማው አንዳንድ ክፍል ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ 9 ሜትር ገደማ ወርዷል። መልስ 1 የጠቀሰው ቦይም መሬቱ ሲሰምጥ ተዳፋቱን አጣ፤ በራሱ ይፈስ የነበረው ፍሳሽ በፓምፕ መገፋት ግድ ሆነበት።

ጠያቂው

በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ታዲያ ሕንፃዎቹን ጠንካራው ንብርብር ድረስ በሚወርድ ፓይል (ወደ መሬት በሚሰካ ረጅም የመሠረት ምሰሶ) ላይ ማቆም መፍትሔ አይሆንም?

መልስ 3

ለሕንፃው ይረዳዋል፤ በዙሪያው ያለው መሬት ግን መውረዱን አይተውም። በ1910 የተመረቀው የነጻነት መልአክ ሐውልት ጥልቅ ፓይሎች ላይ ስለቆመ መንገዱ ከሥሩ እየሸሸ ወረደ፤ በዚህ የተነሳ 14 ተጨማሪ ደረጃዎች ተሠርተውለታል። በ1573 የተጀመረው ካቴድራል ግን እንዲህ ያለ መሠረት ስለሌለው እኩል ባልሆነ አወራረድ ዘመመ፤ በውስጡ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቱንቢ የመዝመሙን መጠን ያሳያል። በ1990ዎቹ መሐንዲሶች ያደረጉት እጅግ ያስደንቀኛል፤ ብዙም ካልሰመጠው ወገን ሥር አፈር በጥንቃቄ እያወጡ ሕንፃው እኩል እንዲወርድ ረዱት።

ይህ አፈር በርዕደ መሬት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 የተነሣው ርዕደ መሬት መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓስፊክ ዳርቻ ነበር፤ ለስላሳው የሐይቅ ወለል ግን ንዝረቱን በብዙ እጥፍ አጎላው። አፈሩ በሁለት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ ይወዛወዝ ስለነበር፣ ለዚህ ምት የተመቸ ቁመት የነበራቸው መካከለኛ ፎቆች ክፉኛ ተጎዱ፤ በከተማዋ ዳር ጠንካራ አለት ላይ የነበሩት ሰፈሮች ግን ያን ያህል አልተጎዱም። የጉዳቱ ካርታ የቀድሞውን ሐይቅ ጠርዝ ተከትሎ ይታያል።