ጥቆማ፦ ለቋሚ ደንበኛ ድንገተኛ ሽልማት፦ በወረቀት ካርድ፣ በስልክ ቁጥር ወይስ በአፕ?

ጥያቄ፦ በቀን 50 ገደማ ሽያጭ ላለው የችርቻሮ ሱቅ ነው። «አሥር ጊዜ ለገዛ አንድ በነጻ» የሚል ካርድ አለ፤ ደንበኛው ግን ለምዶታል። ሳይታሰብ የሚሰጥ ሽልማት ቢጨመርበት የትኛው አሠራር ይሻላል? ወጪውስ እንዴት ይገደባል?

መልስ 1፦ የአሥረኛውን ነጻ እንዳትነኩት። ድንገተኛው በላዩ ላይ የሚደረብ ምራቂ እንጂ ምትክ አይደለም። ካርድ የያዘ ሰው የሚመጣው ቆጥሮ ነውና፣ የሚቆጥረውን ብታሳጡት የሚጠብቀው ነገር አይኖርም።

ከሁሉ የረከሰው ድንገተኛ ስጦታ ካርዱ ላይ ሁለት ተጨማሪ ማኅተም መምታት ነው። ወጪው የአንዱ ነጻ ዕቃ አምስተኛ እጅ ብቻ ነው፤ ያውም ካርዱን ለሚሞላ ሰው። የግብይት ተመራማሪዎቹ ኑንስና ድሬዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የመኪና እጥበት ደንበኞችን ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን 8 ማኅተም የሚፈልግ ባዶ ካርድ፣ ለሌላው 10 የሚፈልግ ግን 2ቱ ቀድመው የተመቱበት ካርድ ሰጡ። የቀራቸው እጥበት እኩል ነው። ካርዱን የሞሉት ግን ከመጀመሪያው ወገን 19 በመቶ፣ ከሁለተኛው 34 በመቶ ሆኑ።

ዕቃ መስጠት ከፈለጋችሁ ዕጣ የሚወጣበት ከረጢት ይበቃል። አማካይ ግዢ 100 ብር ነው እንበል፤ 50 ሽያጭ 5,000 ያስገባል። ለስጦታ 2 በመቶ ብትመድቡ 100 ነው። 50 ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ፦ 1ዱ የ40 ስጦታ፣ 4ቱ የ15፣ 45ቱ ባዶ። ገንዘብ ተቀባዩ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ከጠረጴዛው በታች አንድ ያወጣል፤ ባዶ ከሆነ ምንም አይናገርም። የወጣው ወረቀት አይመለስም፤ ከረጢቱ ሲያልቅ 50ው እንደገና ይሞላል። ወጪው ከ100 አያልፍም ማለት ነው። 40 እና 15 የተባለው እናንተ የገዛችሁበት ዋጋ እንጂ የመሸጫው አይደለም፤ ብዙ ሰው ሒሳቡን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ወረቀቶቹ ቁጥር ይኑራቸው፤ የወጣው ከደረሰኝ ቅጂ ጋር በስቴፕለር ይያያዝ። አለበለዚያ ስጦታው ለሠራተኛው ወዳጆች ብቻ ሲወጣ ታያላችሁ።

መልስ 2፦ በከረጢቱ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሱቁን ወጪ ይገድባል፤ የአንድን ደንበኛ ዕድል ግን አይጠብቅም። ከ10 አንድ በሆነ ዕድል አሥር ጊዜ ከሚገዙ ሰዎች 35 በመቶ ገደማው አንዴም አይወጣላቸውም፤ ሃያ ጊዜ ገዝተውም 12 በመቶው ባዶ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ጎረቤታቸው ሲቀበል ያዩ ቋሚ ደንበኞች ናቸው። ኩርፊያው ከስጦታው ይበልጣል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ የስልክ ቁጥር ነው። ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ይበቃል፦ ቁጥር፣ የግዢ ቀን፣ መጠን፣ መጨረሻ ስጦታ ያገኘበት ቀን። በየሳምንቱ ከ60 ቀን በላይ ምንም ያላገኙትን ለዩና ከነሱ መሃል ዕጣ አውጡ። የመስጫው ቀን ግን ይለዋወጥ፤ ሁልጊዜ አርብ ከሆነ በሁለተኛው ወር «የአርቡስ?» የሚል ይመጣል፣ ያኔ ስጦታው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። በመልእክት «ስጦታ አለህ፣ ና» ከማለትም ሰውየው ራሱ ሲመጣ መስጠት ይሻላል፤ መልእክቱ ማስታወቂያ ይመስላል።

አፕ የሚያዋጣው ቅርንጫፍ ሲበዛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የወር ወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል? «እስከ 15ኛው ግዢ ካልወጣለት በግድ ይውጣለት» ማለትስ? ሁለተኛውን የማይችል አፕ ከኤክሴሉ አይሻልም።

መልስ 3፦ ሁለቱም ያላነሱት ማስታወቂያውን ነው። «ግዙና ዕድላችሁን ሞክሩ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ በብዙ አገር ሕግ ፈቃድ የሚጠይቅ ሎተሪ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያ፣ ዕድልና ሽልማት ሦስቱ ተገናኝተዋልና። ሳይነገር የተሰጠ ስጦታ ጉዳዩ ይቀላል፤ ቢሆንም የአገራችሁን ሕግ አጣሩ። ቁጥር አትማችሁ የምታወጡ ከሆነ ደግሞ ፔፕሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ፊሊፒንስ ውስጥ የደረሰበትን አስቡ፦ አሸናፊው ቁጥር 349 በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ የጠርሙስ ክዳኖች ላይ ታትሞ ተገኘ፤ ባለ ክዳኖቹ የተባለውን አንድ ሚሊዮን ፔሶ ጠየቁ፣ ነገሩ እስከ ሁከትና ክስ ደረሰ። ያልታወጀ ስጦታ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም።

ዋጋ መቀነስን ድንገተኛ ስጦታ አታድርጉት። ሰው የተቀነሰውን ዋጋ ይይዝና በሚቀጥለው ሲመጣ መደበኛው ይወደድበታል። ዕቃ ስጡ።

ውጤቱን ስትለኩ «ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ተመላልሰዋል» በሚል አትታለሉ። ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ሰው ቀድሞውንም ዕጣ የሚወጣለት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ መመላለሱ ስጦታውን አመጣለት እንጂ ስጦታው እሱን አላመጣውም። በስልክ ቁጥሩ መጨረሻ ዲጂት ክፈሉ፦ ለሙሉ ቁጥሮች (0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8) ስጡ፣ ለጎዶሎዎች ተዉ። ከ12 ሳምንት በኋላ የሁለቱን ወገን ሁሉ፣ ያገኘውንም ያላገኘውንም ደምራችሁ፣ በአንድ ሰው የደረሰውን የግዢ ብዛት አነጻጽሩ። ልዩነቱ የሚያመጣው ትርፍ ከ2 በመቶው ወጪ ካልበለጠ ከረጢቱን አጣጥፋችሁ ማኅተሙን ብቻ ቀጥሉ።